ዛክ ዊልሰን በተጠባባቂነቱ መመዘን ያለበት በምንድን ነው?

አረንጓዴ ማልያ

የ2023ን የኒውዮርክ ጄትስ (በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል የሚጫወት ቡድን) ጨዋታዎች ለተከታተላችሁ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪውና የማጥቃቱ መሪ) አሮን ሮጀርስ ከግሪን ቤይ ፓከርስ መጥቶ፣ ከ2010 ወዲህ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ዓመት በኋላ ያለውን የጥሎ ማለፍ ዙር) ያላየው ቡድን ትልቅ ተስፋ በሰነቀበት ዓመት፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን ከቡፋሎ ቢልስ ጋር በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ በአራተኛዋ ስናፕ (ኳሱ ለኳርተርባኩ ተሰጥቶ እንቅስቃሴው የሚጀመርባት ቅጽበት) የአኪሊስ ጅማቱ ተበጠሰ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓመቱን የተሸከመው ተጠባባቂው ኳርተርባክ ዛክ ዊልሰን ነው። ያን ምሽት ገብቶ ከ21 ሙከራ 14ቱን በማሳካት 140 ያርድ ወረወረ፤ ጨዋታውም በጭማሪ ሰዓት ዛቪየር ጊፕሰን የፓንት ኳስ (ተጋጣሚ በእግሩ አርቆ የመታውን) ይዞ 65 ያርድ በመሮጡ 22 ለ16 በጄትስ አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

ከዚያ በኋላ በቋሚነት በጀመራቸው 11 ጨዋታዎች ያስመዘገበው 4 ድልና 7 ሽንፈት ነው። በዓመቱ 8 ታችዳውን (ኳሱን በተጋጣሚ ሜዳ ጫፍ በማስገባት የሚገኝ ግብ) ወርውሮ 7 ኳስ ተጠለፈበት፤ ቡድኑም በ7 ድልና 10 ሽንፈት ጨረሰ። እነዚህን ቁጥሮች ይዘው «ከሊጉ ተጠባባቂዎች ሁሉ የባሰው እርሱ ነበር» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ዊልሰንን ዓመቱን ሙሉ የመዘንነው በሮጀርስ ቦታ እንደተቀመጠ ቋሚ እንጂ እንደ ተጠባባቂ አይመስለኝም። በዲሴምበር ሂውስተን ቴክሳንስን 30 ለ6 ሲያሸንፉ 301 ያርድ የወረወረውና የኤኤፍሲ (የሊጉ አንዱ ግማሽ) የሳምንቱ ምርጥ የማጥቃት ተጫዋች የተባለውም ይኸው ሰው ነው። ታዲያ አንድ ተጠባባቂ ኳርተርባክ በትክክል ሊመዘን የሚገባው በምን ነው? ዊልሰንስ በዚያ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ የት ይወድቃል?

ሦስተኛ ዳውን

ጥያቄዎን በአክብሮት ተቀብዬ፣ መልሱ ግን እርስዎ እንደሚሉት የዋህ አይደለም ባይ ነኝ። ተጠባባቂ ኳርተርባክ በሮጀርስ ልክ እንዲጫወት ማንም አይጠብቅም። የሚጠበቅበት ሥራ ጠባብና ግልጽ ነው፤ ኳሱን በጊዜ ከእጁ ማውጣት፣ ክፍት የሆነውን ቅርብ ተቀባይ ማየት፣ ለተጋጣሚ ነጻ ኳስ አለመስጠትና ሦስተኛ ዳውንን (አሥር ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛውን) አልፎ አልፎም ቢሆን መሻገር። የ2023 ጄትስ ከሊጉ ጠንካራ ዲፌንሶች (ተከላካይ ክፍሎች) አንዱ ነበረው። ከእንዲህ ዓይነቱ ዲፌንስ ጋር አሥራ ሰባትና ሃያ ነጥብ ማስቆጠር የሚችል ተጠባባቂ ብዙ ጨዋታ ያሸንፋል።

እንግዲህ በዚህ ጠባብ ሚዛን እንየው። በሁለተኛው ሳምንት ከዳላስ ካውቦይስ ጋር ሦስት ኳስ ተጠለፈበት። በኦክቶበር 1 ከካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ጋር በሕይወቱ ምርጥ ሊባል የሚችል ጨዋታ አድርጎ፣ ከ39 ሙከራ 28ቱን አሳክቶ፣ ቡድኑ በሦስት ነጥብ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶና ከሰባት ደቂቃ በላይ ሲቀር፣ ከሴንተሩ የመጣለትን ኳስ ራሱ ከእጁ ጣለው። ቺፍስ ያን ኳስ አንስተው የቀረውን ሰዓት በሙሉ ጨረሱት፤ ውጤቱ 23 ለ20 ሆኖ ቀረ። ስናፕ መቀበል የማንም ጥበቃ የማያስፈልገው የሙያው የመጀመሪያ ተግባር ነው።

የባሕርዩንም ነገር ዝም ብዬ አላልፍም፤ ኳርተርባክ የሃምሳ ሦስት ሰው መሪ ነውና። በኖቬምበር 2022 ከኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ጋር ከ22 ሙከራ 9ኙን ብቻ አሳክቶ 77 ያርድ በወረወረበት፣ ቡድኑ በሁለተኛው አጋማሽ በድምሩ 2 ያርድ ብቻ ባገኘበትና ጨዋታው በመጨረሻ በተመለሰ ፓንት 10 ለ3 በተሸነፈበት ቀን፣ ዲፌንሱን አሳፍሮት እንደሆነ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ «አይ» የሚል ነበር። ዲፌንሱ በዚያ ቀን የማጥቃት ታችዳውን አላስገባበትም። እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ሰው በቀጣዩ ዓመት የአደጋ ጊዜ መሪ ሆኖ መመደቡ ለእኔ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ውሳኔ ነው።

የግራ ታክል

ስለ ባሕርዩ የተነሣውን በቅድሚያ ላሟላው። ከቺፍስ ጨዋታ በኋላ ስለጣለው ስናፕ ሲጠየቅ ጥፋቱን በአደባባይ በራሱ ላይ ወስዷል። በአሥር ወር ውስጥ የታየ ለውጥ ስለሆነ አንዱን ጠቅሶ ሌላውን መተው ለሰውየው ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ወደ ዋናው ነገር ስመለስ፣ እኔ ጨዋታ ስመለከት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኦፌንሲቭ ላይኑ (ኳርተርባኩን ወደሚጠብቀው የፊት መስመር) ነው፤ ስለዚህም የዊልሰን ዓመት ለእኔ ሌላ ታሪክ አለው። የመስመሩ ምርጥ ተጫዋች አሊጃ ቬራ-ታከር በአምስተኛው ሳምንት ከዴንቨር ጋር ሲጫወት እንደ ሮጀርስ ሁሉ የአኪሊስ ጅማቱ ተበጠሰና ዓመቱ አለቀበት። ከኒውዮርክ ጃይንትስ ጋር በተደረገው ጨዋታ ደግሞ ሴንተሩ ኮነር መክገቨርን ተጎድቶ ወጣ፤ ተተኪው ዌስ ሽዋይትዘርም በዚያው ጨዋታ ተጎዳና ሦስተኛ ሰው ሴንተር ሆኖ ገባ። ሴንተር ማለት ስናፑን የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን፣ የተጋጣሚውን አሰላለፍ አይቶ ማን ማንን እንደሚይዝ ለጎረቤቶቹ የሚናገር ሰው ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሴንተር የቀያየረ መስመር አንድ ቋንቋ ሊናገር አይችልም። በቀጣዩ ሳምንት ከሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ ጋር ዊልሰን ስምንት ጊዜ ሳክ የተደረገው (ኳሱን ሳይወረውር የተጣለው) በዚህ መስመር ኋላ ቆሞ ነው።

ይህን እንደ ሰበብ እንዳትወስዱብኝ የሚያረጋግጥ ፈተና ራሱ ቡድኑ ሠርቶልናል። በኖቬምበር ቢልስ 32 ለ6 ካሸነፏቸው በኋላ ዊልሰንን አስቀምጠው ሌላውን ተጠባባቂ ቲም ቦይልን አስገቡ። ችግሩ ያለው በኳርተርባኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ሲቀየር ነገሩ መቀየር ነበረበት። ከማያሚ ዶልፊንስ ጋር 34 ለ13 ተሸነፉ፤ በዚያ ጨዋታ ከዕረፍት በፊት ቦይል በመጨረሻዋ ሰከንድ ወደ ላይ የወረወረው ኳስ ተጠልፎ 99 ያርድ ተመልሶ ታችዳውን ሆነ። ቀጥሎ ከአትላንታ ፋልከንስ ጋር በሜዳቸው 13 ለ8 ተሸነፉ። ዊልሰን ሲመለስ ደግሞ በዝናብ የመጀመሪያው አጋማሽ 0 ለ0 ያለቀውን ጨዋታ በሁለተኛው 30 ነጥብ አስቆጥረው አሸነፉ። ያው መስመር፣ ያው አሰልጣኝ፣ ያው ፕሌይቡክ (የቡድኑ የአጨዋወት መጽሐፍ) ነበር፤ ከእነዚያ ሰዎች መካከል ከሁሉ የተሻለው እርሱ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ ዳውን

ቦይልን አለመብለጥ ከባድ ነበር፤ ይህ ግን ዊልሰንን ጥሩ ተጠባባቂ አያደርገውም። የጃይንትስን ጨዋታ ስላነሡት ላሰፋው፤ ሁለቱንም የዊልሰን መልኮች አንድ ላይ ያሳያልና። ጄትስ በዚያ ቀን ከ15 ሦስተኛ ዳውን የተሻገሩት 2ቱን ብቻ ነው። ጃይንትስ በበኩላቸው ተጠባባቂያቸው ታይሮድ ቴይለር ተጎድቶ ስለወጣ ሦስተኛውን ኳርተርባክ አስገብተው፣ የሳክ ኪሳራ ሲቀነስ በውርወራ ከዜሮ በታች 9 ያርድ ነበራቸው። መወርወር ያቆመ ቡድን ላይ ጄትስ ጨዋታው 24 ሰከንድ እስኪቀረው ድረስ 10 ለ7 ወደ ኋላ ቀርተው ነበር።

በ24 ሰከንድ ውስጥ የሆነውን አልክድም። የዕረፍት ጥሪ በሌለበት ለተቀባዩ ጋረት ዊልሰን 29 ያርድ ወረወረ፤ ሁሉም እየሮጠ መስመር ላይ ደረሰ፤ ለአለን ላዛርድ ሌላ 29 ያርድ ወረወረ፤ ከዚያም ኳሱን መሬት ላይ መትቶ ሰዓቱን አንድ ሰከንድ ሲቀር አቆመው። ግሬግ ዙርላይን አቻ የሚያደርገውን ፊልድ ጎል (በእግር የሚመታ የሦስት ነጥብ ግብ) አገባ፤ በጭማሪ ሰዓትም 13 ለ10 አሸነፉ። እጁ ድንቅ ነው፤ በ2021 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠውም በዚያ እጅ ነው። ይሁን እንጂ የቀረውን ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ያለፈበት መንገድ ነው የተጠባባቂን ሥራ የሚያሳየው። ሳክ የመስመር ጥፋት ብቻ ተደርጎ ሲቆጠርም አልስማማም። ዊልሰን የመጀመሪያ ተቀባዩ ሲዘጋበት ከፖኬቱ (መስመሩ ከሚጠብቅለት ቦታ) ወደ ኋላና ወደ ጎን እየሸሸ ሌላ ነገር የመፈለግ ልማድ ነበረው፤ የሦስት ያርድ ኪሳራ ሊሆን የሚችለውን አሥራ ሁለት የሚያደርገው ይህ ነው።

የሳምንቱ ልምምድ

ሁለታችሁም የተናገራችሁት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለታችሁም የተመለከታችሁት እሑድን ብቻ ነው። እኔ በትምህርት ቤት ደረጃ ኳርተርባኮችን አሰልጥኛለሁና ክርክሩን ወደ ረቡዕና ሐሙስ ልውሰደው፤ የተጠባባቂ ዕጣ የሚወሰነው እዚያ ስለሆነ።

በሳምንቱ ልምምድ ውስጥ የመጀመሪያው አሰላለፍ የሚያደርገው ሙከራ ሁሉ ማለት ይቻላል የቋሚው ኳርተርባክ ነው። ተጠባባቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው የቀጣዩን ተጋጣሚ አጨዋወት የሚያስመስለውን ቡድን እየመራ፣ ከካርድ ላይ የሌላ ቡድን ፕሌይ እያነበበ ለራሱ ዲፌንስ በመወርወር ነው። ይህ ለዲፌንሱ ይጠቅማል፤ ለእርሱ ግን የገዛ ተቀባዮቹ በስንተኛው እርምጃ እንደሚታጠፉ አያስተምረውም። ድንገት ሲገባ ከአንዱ ፕሌይ ማብቂያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ያለው 40 ሰከንድ ነው። የአሰልጣኙ ድምፅ በቆቡ ውስጥ በሬዲዮ ይመጣለታል፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ላይ ሲደርስ ሬዲዮው ይቆረጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ረጅሙን የፕሌይ ስም ሰምቶ ለአሥሩ ደግሞ መናገር፣ መስመር ላይ መድረስ፣ የሴፍቲዎቹን (የመጨረሻዎቹን የኋላ ተከላካዮች) አቋቋም ማየት፣ የጥበቃውን አቅጣጫ ማስተካከል ይጠበቅበታል። ዊልሰን ሲሸሽ ያያችሁት ልማድ በከፊል ከዚህ ይመነጫል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተቀባይ የት እንዳለ በእርግጠኝነት የማያውቅ ዓይን እግርን ያሸሻል።

በዚህ ላይ የሮጀርስ ነገር አለ። የማጥቃቱ አስተባባሪ ናትናኤል ሃኬት ከግሪን ቤይ ጀምሮ ሮጀርስን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያ ፕሌይቡክም መስመር ላይ ቆሞ በአንድ ጥቅሻና በአንድ የእጅ ምልክት ሁሉን መቀየር ለሚችል የረጅም ዓመት ባለሙያ የተሰናዳ ነበር። ያን ሰነድ የወረሰው ገና በሦስተኛ ዓመቱ ላይ ያለ ወጣት ነው። ለማነጻጸር በ2017 ቋሚው ኳርተርባክ ካርሰን ዌንትዝ ሲጎዳ ፊላደልፊያ ኢግልስ ያደረጉትን ተመልከቱ። አሰልጣኙ ዳግ ፒደርሰን ተጠባባቂውን ኒክ ፎልስን የዌንትዝን ጨዋታ እንዲጫወት አላስገደደውም፤ ፎልስ በ2013 27 ታችዳውን ወርውሮ 2 ኳስ ብቻ በተጠለፈበት ዓመት የሚመቸውን፣ አንድ ተከላካይ አይቶ ወይ የሚሰጥ ወይ የሚወረውር ፈጣን አጨዋወት በብዛት አስገባለት። ፎልስም በሱፐርቦውሉ (በሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) 373 ያርድ ወርውሮ፣ ራሱም ታችዳውን ተቀብሎ፣ ፓትሪዮትስን 41 ለ33 አሸንፎ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ጄትስ ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ለዊልሰን ያን ያህል የተቀየረ ነገር አላደረጉለትም።

የጄትስ ዋናው ስሕተት ግን ከዚያም በፊት የተሠራ ይመስለኛል። በ2023 መጀመሪያ ስለ ዊልሰን ይነገር የነበረው ቁጭ ብሎ ከሮጀርስ እንዲማርና ከሁለት ከባድ ዓመታት እንዲያገግም ነበር። በ2021 9 ታችዳውንና 11 የተጠለፈ ኳስ፣ በ2022 ደግሞ 6 እና 7 ነበረው፤ ለእንዲህ ያለ ወጣት ዕረፍትና ትምህርት ተገቢ ሐሳብ ነው። በዚያው ወንበር ላይ ግን የቡድኑን ዋስትና አስቀመጡት። ተማሪና ዋስትና ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ተማሪ እንዲሳሳት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ዋስትና በእሑድ ምሽት ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠራል።

በዚያው ዓመት ክሊቭላንድ ብራውንስ በኖቬምበር ጆ ፍላኮን አስፈረሙ። የ38 ዓመት ሰው፣ ከአሥር ዓመት በፊት የሱፐርቦውል ኮከብ የነበረ፣ ሊያረጋግጠው የቀረው ነገር የሌለ። ከጀመራቸው አምስት ጨዋታዎች አራቱን አሸንፎ ብራውንስን ፕሌይኦፍ አስገባ። ፍላኮም ኳስ ይጠለፍበት ነበር፤ የተጠለፈበት ኳስ ግን ቀጣዩን ውርወራ አያስፈራውም።

ሦስተኛ ዳውን

ስለ ልምምዱ የጻፉት ብዙ አስተምሮኛል፤ አመሰግናለሁ። ሆኖም የልምምድ እጥረት ሁሉን አይገልጽም። ጆሹዋ ዶብስ በ2023 ሚኒሶታ ከደረሰ በቀናት ውስጥ፣ አንድም ሙሉ ልምምድ ከቡድኑ ቋሚዎች ጋር ሳያደርግ፣ ጨዋታውን የጀመረው ኳርተርባክ ስለተጎዳ ገብቶ አትላንታን 31 ለ28 አሸነፈ። አሰልጣኙ ኬቨን ኦኮነል በሬዲዮ እየመራው ነበር። ዶብስ ያን ቀን የቻለውን ዊልሰን ሦስት ዓመት በኖረበት ቡድን ውስጥ ለምን አልቻለውም?

የሳምንቱ ልምምድ

የዶብስን ታሪክ እስከ መጨረሻው ካየነው ለእኔ ሐሳብ ይበልጥ የሚመሰክር ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቺካጎ ቤርስ አራት ኳስ ተጠልፎበት 12 ለ10 ተሸነፉ፤ ከዚያም በሚቀጥለው ጨዋታ መሐል ከሜዳ ወጣ። ተጋጣሚዎች በሁለትና ሦስት ጨዋታ ፊልም ተጠባባቂውን ያጠኑታል፤ የመጀመሪያ ምርጫውን ይዘጉበታል። የተጠባባቂ እውነተኛ ፈተና የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዊልሰንም በዚያ ፈተና ወድቋል፤ ይህን አልክድም።

ዘግይቶ ደራሽ

ከ2023 በኋላ ስለሆነው ማንም አልጻፈምና ልጨምር። በ2024 ጄትስ ወደ ዴንቨር ብሮንኮስ ላኩት፤ እዚያም ከቦ ኒክስና ከጃሬት ስቲድሃም ቀጥሎ ሦስተኛ ሆኖ በመደበኛው ዓመት ሜዳ ሳይገባ አለፈ። በ2025 ወደ ማያሚ ሄደ፤ ዶልፊንስ በዲሴምበር ቋሚያቸውን ቱዋ ታጎቫይሎአን ሲያስቀምጡ ግን የመረጡት ዊልሰንን ሳይሆን በሰባተኛው ዙር የተመረጠውን ጀማሪ ኩዊን ኢወርስን ነው። ሁለት የተለያዩ የአሰልጣኝ ቡድኖች በየቀኑ ልምምዱን እያዩ ወደ ተመሳሳይ ግምት ከደረሱ፣ የጄትስን መስመርና የሃኬትን ፕሌይቡክ ብቻ መውቀስ እየከበደ ይሄዳል።

ይህን ስል ግን በሩ ተዘግቷል ማለቴ አይደለም። ጂኖ ስሚዝ በ2013 በጄትስ ተመርጦ ከወደቀ በኋላ ከኤላይ ማኒንግ፣ ከፊሊፕ ሪቨርስና ከራስል ዊልሰን ኋላ ለዓመታት ቆይቶ፣ በ2022 በሲያትል ከተሳካ ውርወራ መቶኛ ሊጉን መራ። ሳም ዳርኖልድም በ2018 ሦስተኛ ሆኖ በጄትስ ተመርጦ፣ ተንከራቶ፣ በ2023 በሳን ፍራንሲስኮ ከብሮክ ፐርዲ ኋላ ከቆየ በኋላ በ2024 ሚኒሶታን 14 ድልና 3 ሽንፈት ላይ አድርሶ 35 ታችዳውን ወረወረ። ሁለቱም ከወደቁ በኋላ የተቀመጡት ብዙ በማይጠበቅባቸው ወንበር ላይ ነበር፤ ዊልሰን ያን ዕድል ያገኘው ከ2023 በኋላ ብቻ ነው።

አረንጓዴ ማልያ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ተማሪና ዋስትና» የሚለው ልዩነት ጥያቄዬን ወደ ትክክለኛው ቦታ የወሰደልኝ ይመስለኛል። የሳምንቱ ልምምድን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ እርስዎ በኦገስት 2023 የጄትስን ወንበሮች ቢያሰናዱ ኖሮ ዊልሰንን የት ያስቀምጡት ነበር? ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋስትና ያለው ውል ስለነበረው ማሰናበቱ ቀላል አልነበረም።

የሳምንቱ ልምምድ

ማሰናበት አያስፈልግም ነበር። በጃንዋሪ 2023 ሳን ፍራንሲስኮ በኤንኤፍሲ (የሊጉ ሌላው ግማሽ) ፍጻሜ ላይ ፐርዲ ክንዱን፣ ተተኪው ጆሽ ጆንሰን ደግሞ ጭንቅላቱን ተጎድተውበት መወርወር የማይችል ኳርተርባክ ይዞ ከኢግልስ ጋር ስለተጫወተ፣ ሊጉ በዚያው ዓመት ሦስተኛ የአደጋ ጊዜ ኳርተርባክን የሚፈቅደውን ደንብ መልሶ አመጣ። በ2023 በነበረው ደንብ መሠረት ከቡድኑ 53 ተጫዋቾች ውስጥ ያለ ሦስተኛ ኳርተርባክ በዕለቱ ከሚሰለፉት ቁጥር ሳይገባ ለብሶ መቀመጥ ይችል ነበር፤ ሜዳ የሚገባውም ሁለቱም ከፊቱ ያሉት መቀጠል ካልቻሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ወንበር ላይ ብዙ ቡድን የዞረና ብዙ ዲፌንስ ያየ ሰው አስቀምጬ፣ ዊልሰንን ሦስተኛ አደርገው ነበር። ረቡዕና ሐሙስ ከሮጀርስ አጠገብ ቆሞ የእግሩን አረማመድ ከሥሩ ያስተካክላል፤ በእሑድም ለብሶ ሰሌዳ ይዞ ይቀመጣል። ሮጀርስ በአራተኛዋ ስናፕ ሲወድቅ፣ ወደ ሜዳ የሚሮጠው ሁለተኛው ሰው ይሆን ነበር።